ስለ ፎቶግራፍ ዳርቻና ስለ መምረጫው ብሩሽ የተደረገ ዲስኩር



አንድን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ለማረም የተቀመጠ ሰው፣ ብርሃኑን ከማድመቁ ወይም ቀለሙን ከማቅናቱ ወይም መደቡን ከመለወጡ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እርማቱ በየትኛው የሥዕሉ ክፍል ላይ ያርፋል፣ የትኛውስ ክፍል ሳይነካ ይቀራል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሴሌክሽን የሚባለው ምርጫ፣ የተበላሸ እንደ ሆነ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ድካም ሁሉ የቱንም ያህል ብልኃት ቢፈስበት ከንቱ ይሆናል፤ የሙሽራዪቱ ትከሻ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል፣ በጠጉሯ ዙሪያ የአሮጌው ግድግዳ ቀለም ተጣብቆ ይቀራል፣ ተመልካቹም ጉድለቱ የት እንዳለ በቃል ሊናገር ባይችል እንኳ የቀረበለት ነገር እውነት እንዳልሆነ ዓይኑ ይመሰክርለታል።

ምርጫን ለማድረግ የተሠሩት መሣሪያዎች ብዙዎች ሲሆኑ፣ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት በብሩሽ አምሳል ስለ ተሠሩት ለመናገር ነው። ስለ እነርሱ የማምነውንም አስቀድሜ እገልጻለሁ። የፎቶግራፍ ዳርቻ በመጠን የሚሰፈር እንጂ በመስመር የሚከበብ ነገር አይደለም፤ መጠንን ለመስፈር ከተሰጡን መሣሪያዎች ሁሉ ለእጅና ለዓይን የሚታዘዘው ብሩሽ ስለ ሆነ፣ ብሩሹን በሚገባ ሳይማር በአንድ ጠቅታ ብቻ ሥራውን ለመጨረስ የሚጣደፍ ሰው የሙያውን ልብ ሳያገኝ ይቀራል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ እምነቴ ያሉኝን ምክንያቶች በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

በብራና መጻሕፍትና በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የምናያቸውን የቅዱሳን ሥዕሎች በልቡናችሁ አስቡ። ፊቱም፣ እጁም፣ የልብሱም እጥፋት በጥቁር መስመር ተከቦ፣ ቀለሙ በመስመሩ ውስጥ ሞልቶ ተሥሏል። በእንዲህ ያለው ሥዕል ዘንድ አካሉ የት እንደሚያልቅና መደቡ የት እንደሚጀምር የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከመስመሩ ያገኛል፤ ሠዓሊው አስቀድሞ ወስኖለታልና። ዓይናችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ በዚህ ሥርዓት ስለ ለመደ፣ ፎቶግራፍንም ባየን ጊዜ በሰውዬው አካል ዙሪያ የማይታይ መስመር ያለ ይመስለናል። ነገር ግን ጉንጩ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አጉልተን፣ ፒክስል የሚባሉት ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች አንድ በአንድ እስኪታዩ ድረስ ብንቀርበው፣ የምናገኘው ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፒክስል የጉንጭ ቀለም አለው፤ የሚቀጥለው ከጉንጩ ጥቂት ፈዝዞ ወደ ግድግዳው ያዘነብላል፤ ሦስተኛው ግማሹ ጉንጭ ግማሹ ግድግዳ ነው፤ አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ስንደርስ ብቻ ግድግዳው ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ይህም የሚሆነው ስለ ሦስት ምክንያት ነው፤ የካሜራው ሕዋስ ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን ብርሃን በአንድነት ስለሚቀበል፣ ሌንሱ አጥርቶ የሚያሳየው በአንድ ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ስለ ሆነና ሰውም ሆነ ካሜራ ፈጽሞ ሳይንቀሳቀስ ስለማይቆም ነው። እንግዲህ ያ መካከለኛ ፒክስል የማን ነው? ለጉንጩ ብንሰጠው የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ለግድግዳው ብንተወው ጉንጩ ይጎድላል። ትክክለኛው መልስ ከዚህ ይህን ያህል ከዚያም ያን ያህል ብሎ ማካፈል ነው።

የቀድሞ ሰዎች ይህን ችግር ኮምፒዩተር ሳይፈጠር ያውቁት ነበር። በጨለማ ክፍል የሚሠራ አራሚ የአንድን ዕቃ ወይም ሰው መደብ ነጭ ለማድረግ የፈለገ እንደ ሆነ፣ በቀጭን ብሩሽ ብርሃን የማያሳልፍ ቀይ ወይም ጥቁር ቀለም ወስዶ በኔጋቲቩ ላይ ዳሩን እየተከተለ ይቀባ ነበር። በኋላም በማተሚያ ቤቶች ሩቢሊት የሚባል፣ በጠራ ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ቀይ ስስ ሽፋን መጣ፤ ሠራተኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በስለት እየቆረጠ የቀረውን ይልጥ ነበር። ቀይ የሆነበት ምክንያት፣ በዚያ ሥራ የሚያገለግለው ፊልም ቀይ ብርሃንን የማያይ ስለ ነበር፣ ለሠራተኛው ዓይን ብርሃን የሚያሳልፈው ቀይ ለፊልሙ ጽልመት ስለሚሆን ነው። ዛሬ ፎቶሾፕ በተባለው የሥዕል ማረሚያ ፕሮግራም ኩዊክ ማስክ የሚባለውን ክፍል ስትከፍቱ ያልተመረጠውን ቦታ የሚሸፍነው ቀይ መጋረጃ ከዚያ ዘመን የወረስነው ነው፤ ብሩሹም እንደዚሁ።

ፎቶሾፕ ራሱ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ቶማስ ኖል በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 የጀመረውን ፕሮግራም፣ በፊልም ሥራ ላይ የነበረው ወንድሙ ጆን ኖል ረድቶት አሳደገው፤ አዶቢ የተባለውም ኩባንያ በ1990 ፎቶሾፕ ብሎ ለገበያ አወጣው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ የመጀመሪያ እትም ውስጥ የነበሩት የምርጫ መሣሪያዎች ላሶና ማጂክ ዋንድ እስከ ዛሬ አሉ። ላሶው እጅ በሄደበት መስመር ያሠምራል፤ ዋንዱ በተነካበት ፒክስል ቀለም የሚመሳሰለውን ሁሉ ይሰበስባል። ሁለቱም ለቀላል ነገር መልካም ናቸው፤ ሁለቱም ግን በዳርቻው ላይ ያለውን መካከለኛ ፒክስል እንደ ባለጉዳይ አያዳምጡትም። የተመረጠውን ክፍል ከብበው የሚርመሰመሱት ነጠብጣቦችም፣ ቢል አትኪንሰን በ1984 ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር በሠራው ማክፔይንት በተባለ የሥዕል ፕሮግራም የጀመሩት፣ ለተጠቃሚው ዳርቻው ጥርት ያለ መስመር ነው የሚል ስሜት ይሰጡታል። እነዚህ ነጠብጣቦች የሚያልፉት ምርጫው ከግማሽ በላይ በሆነበት ወሰን ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከግማሽ በታች የተመረጠው ሁሉ በእነርሱ ዘንድ እንዳልተመረጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ነጠብጣቡን አይቶ ምርጫዬ መልካም ነው የሚል ሰው ግማሹን እውነት ብቻ አይቷል።

አሁን ወደ ብሩሹ እንምጣ። ከብሩሾቹ አንዱ፣ በፎቶሾፕ ሲ ኤስ 3 በ2007 የገባው ኩዊክ ሴሌክሽን፣ በሥዕሉ ላይ በተጎተተ ጊዜ በክቡ ውስጥ ያለውን ቀለምና የገጽታ ጠባይ ይመዝናል፤ የሚመስለውንም ተከትሎ ወደ ውጭ ይስፋፋል፤ ጉልህ ልዩነት ካለበት ዳር ሲደርስ ይቆማል። የየኩባንያው ውስጣዊ አሠራር የተለያየ ቢሆንም፣ በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ጀርባ ያለውን አስተሳሰብ ሊቃውንት በግልጽ ጽፈውታል። ዩሪ ቦይኮቭና ማሪ ፒየር ጆሊ በ2001 ባቀረቡት ጥናት፣ ተጠቃሚው በብሩሽ «ይህ አካሉ ነው፣ ይህ መደቡ ነው» ብሎ ጥቂት ጭረት እንዲያኖር፣ ከዚያም ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ወገን የሚለየውን ከሁሉ የረከሰ ወሰን ፈልጎ እንዲያገኝ አደረጉ። እያንዳንዱ ፒክስል ከጎረቤቱ ጋር በማሰሪያ እንደ ተያያዘ ይታሰባል፤ ጎረቤታሞቹ ቢመሳሰሉ ማሰሪያው ጽኑ ነው፣ ቢለያዩ ደካማ ነው፤ ወሰኑም ደካማ ማሰሪያዎችን ብቻ እየበጠሰ እንዲያልፍ ይገደዳል። የአገራችን ሽማግሎች የሁለት ባለርስቶችን መሬት ሲያካልሉ፣ ማሳውን በመካከል ከመሰንጠቅ ይልቅ ወንዙን፣ ገደሉንና የቆየውን የድንጋይ ካብ እየተከተሉ ችካል እንደሚተክሉ ያለ ነው፤ ማንም ሳያጣላ የሚያልፈው ድንበር ተፈጥሮ አስቀድማ የለየችው ነውና። በ2004 ካርስተን ሮተር፣ ቭላዲሚር ኮልሞጎሮቭና አንድሩ ብሌክ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ የማይክሮሶፍት የምርምር ተቋም ይህንኑ አስፋፍተው፣ ተጠቃሚው አካሉን በአራት ማዕዘን ብቻ ከብቦ የቀረውን ስሕተት በብሩሽ እንዲያርም አደረጉ።

ከዚህ አሠራር የምንማረው ዋና ነገር፣ መሣሪያው የሚያውቀው ልዩነትን ብቻ መሆኑን ነው። ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰው በአረንጓዴ ሣር ላይ ቢቆም ሦስት አራት ጭረት ሥራውን ይፈጽመዋል፤ በዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ልዩነት በሌለበት ቦታ ግን መሣሪያው ዕውር ይሆናል። እኛ ደግሞ ከሌላው አገር ባለሙያ ይልቅ ዕለት ዕለት የሚገጥመን ይህ ነው። የሠርግ ወይም የበዓል ሥዕል አስቡ፤ ነጭ የአገር ልብስ የለበሰች እመቤት ነጠላዋን አጣፍታ በነጭ ኖራ ግድግዳ ፊት ቆማለች። በነጠላውና በግድግዳው መካከል ያለው ልዩነት በቁጥር ሲታይ ጥቂት ብቻ ስለ ሆነ፣ ብሩሹ በትከሻዋ ላይ በተጎተተ ጊዜ ምርጫው ግድግዳውን አጥለቅልቆ እስከ ጣሪያው ይደርሳል። በዚህ ላይ የከፋው ነገር ጥለቱ ነው። ጥለቱ ከነጩ ሸማ እጅግ የሚለይ፣ ደማቅ፣ ጥርት ያለ ዳር ያለው ስለ ሆነ፣ መሣሪያው የልብሱ መጨረሻ እርሱ ነው ብሎ እዚያው ይቆማል፤ ከጥለቱ ወዲያ ያለው የሸማው ጫፍና ዘርፉ ሁሉ ከውጭ ይቀራል። እነሆ፣ ድንበር ባለበት ቦታ ድንበር አያይም፣ በሌለበት ቦታ ደግሞ ድንበር ያቆማል።

ለዚህ ደዌ መድኃኒት አለው። አስቀድሞ ከሥዕሉ በላይ ከርቭስ የሚባለውን የብርሃን ማስተካከያ ሌየር በሚባል ንብርብር መልክ ጨምራችሁ ደማቁን ክፍል ወደ ታች አውርዱት፤ ነጩ ከነጩ መለየት እስኪጀምር፣ የነጠላው እጥፋት ጥላ ከግድግዳው እስኪወጣ ድረስ ሥዕሉን አክፉት። ከዚያ ኩዊክ ሴሌክሽኑን ሌየሮቹን ሁሉ እንዲያይ እዘዙት፤ ይህን የሚያደርገው ምልክት ከላይ ባለው አሞሌ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ምርጫው ሲያልቅ ያን ማስተካከያ ማጥፋት ነው፤ ሥዕሉ አልተነካም። ብሩሹም ትንሽ ይሁን፤ ትልቅ ብሩሽ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መዝኖ በሩቅ ያለውን ይመኛል፣ ትንሹ ግን በአጠገቡ ይወሰናል። የብሩሹን መጠን ለማሳነስና ለማተለቅ የሚያገለግሉት የማዕዘን ቅንፍ ቁልፎች ከግራ እጅ ጣት ሥር ሊለዩ አይገባም። ከልብሱ መካከል ጀምራችሁ ወደ ዳሩ በአጭር በአጭር ጭረት ሂዱ፤ ጥለቱን ለብቻው ቀቡት፣ ከጥለቱ ወዲያ ያለውንም ሸማ እንደገና ለብቻው፤ ምርጫው ወደ ግድግዳው በፈሰሰ ቁጥር አልት የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ በዚያው ብሩሽ ግድግዳውን መልሱ። እያንዳንዱ መጨመርና መቀነስ ለመሣሪያው ትምህርት ነው፤ ተማሪው በተግሣጽ እንደሚቀና ምርጫውም እንዲሁ እየቀና ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ግን ነጠላው ስስ መሆኑ ይቀራል። ክንዷ ከነጠላው በታች ይታያል፤ በትከሻዋ አጠገብ በተንጠለጠለው ጫፍ ውስጥም ግድግዳው ራሱ ያልፋል። መደቡን ወደ ሌላ ቀለም ብንለውጥ፣ በዚያ ስስ ጫፍ ውስጥ አዲሱ መደብ በከፊል መታየት አለበት፤ ካልታየ ነጠላው ካርቶን ይሆናል። እዚህ ላይ ኩዊክ ሴሌክሽን ሊረዳን አይችልም፤ ውስጥና ውጭ ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውምና። አሁን ኪው የምትባለውን ቁልፍ ተጭነን ወደ ኩዊክ ማስክ እንገባለን። በዚያ ሥፍራ ተራው የመቀቢያ ብሩሽ የምርጫ ብሩሽ ይሆናል፤ በነጭ የተቀባው ተመርጧል፣ በጥቁር የተቀባው ተትቷል፣ በግራጫ የተቀባው ግን እንደ ግራጫው ልክ በከፊል ተመርጧል። በተለመደው ባለ 8 ቢት ሥዕል ከፍጹም ጥቁር እስከ ፍጹም ነጭ 256 ደረጃ ስላለ፣ ለስስ ሸማ የሚስማማ ደረጃ አይጠፋም። እኔ ኦፓሲቲ የሚባለውን የብሩሹን የመሸፈን ኃይል ዝቅ አድርጎ፣ ስስነቱ በሚጨምርበት ቦታ በድጋሚ በድጋሚ መንካትን አንድ ግራጫ መርጦ በአንዴ ከመቀባት አብልጬ እወዳለሁ፤ እጁ ከዓይኑ ጋር እየተማከረ ይሄዳልና። የግፊት ኃይልን የሚለይ ብዕርና ሰሌዳ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ሥራ ከመዳፊት በጣም በተሻለ መንገድ ይሠራዋል።

የብሩሹ ጥንካሬም፣ ሃርድነስ የሚሉት፣ ብዙዎች ሳያስቡት የሚያልፉት ትልቅ ጉዳይ ነው። ሰፊ ቀዳዳ ባለው ሌንስ የተነሣ የፊት ሥዕል ላይ ዓይኖቹ ጥርት ብለው ሳሉ ጆሮው ይለሰልሳል፣ የኋለኛው ትከሻ ደግሞ ጨርሶ ይደበዝዛል። የአገጩ ዳርና የትከሻው ዳር እንግዲህ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአገጩ ላይ ጠንካራ ብሩሽ ይገባል፤ በትከሻው ላይ በዚያው ብሩሽ ብንሄድ ሌንሱ ያለሰለሰውን እጃችን ያሾለዋል፣ ሰውዬውም ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል። በስቱዲዮዎቻችን ለፓስፖርትና ለመታወቂያ መደብ ነጭ ሲደረግ የሚታየው ጉድለት ባብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፤ ዙሪያው ሁሉ በአንድ ጥንካሬ ተከብቧልና። ዓይናችን ከሌንሱ ትኩረት ጋር አብሮ እየሄደ፣ ብሩሹን እዚህ ማጠንከር እዚያ ማለስለስ አለብን፤ ይህን ለማድረግ የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ነው፣ ውጤቱ ግን የሰውን ክብር የሚነካ ነው።

ከሁሉ የሚረቀው የጠጉር ነገር ነው፤ ለምን እንደ ሆነም ከሒሳቡ እንመልከት። ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ ሥዕልን በሥዕል ላይ የማኖርን ሕግ ሲደነግጉ፣ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ የሚታየው ቀለም የፊተኛው አካል ቀለምና የመደቡ ቀለም አልፋ በሚባል መጠን ተዋሕደው የሚሰጡት ድምር መሆኑን አሳዩ። ምርጫ ማለት እንግዲህ ያን ድምር ወደ ኋላ መፍታት ነው። ነገር ግን በእጃችን ያሉት 3 ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፤ የምንፈልጋቸው ደግሞ የአካሉ 3፣ የመደቡ 3 እና አልፋው 1 ሲሆኑ በድምሩ 7 ናቸው። በ3 የታወቁ ቁጥሮች 7 ያልታወቁትን መፍታት በሒሳብ ሕግ አይቻልም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ከውጭ መሰጠት አለበት። የፊልም ሰዎች መደቡን ሰማያዊ በማድረግ 3ቱን አስቀድመው ያውቋቸዋል፤ ፔትሮ ቭላሆስ ለ1959ኙ ቤን ሐር ፊልም ያዘጋጀው ዘዴ በዚህ ላይ የቆመ ነበር። በተራ ግድግዳ ፊት የተነሣ ሥዕል ግን ይህን ጸጋ አያገኝም፤ ስለዚህ የጎደለውን ዕውቀት የሚሰጠው ባለሙያው በብሩሹ ነው። በ2016 በፎቶሾፕ በወጣው ሴሌክት ኤንድ ማስክ በተባለው የሥራ ክፍል ውስጥ የሚገኘው ሪፋይን ኤጅ የተባለው ብሩሽ ሲጎተት የሚናገረው ቃል ይህ ነው፤ «ከዚህ ወዲህ ያለው በእርግጥ ጠጉር ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በእርግጥ መደብ ነው፣ እኔ የቀባሁት መካከል ግን የተደባለቀ ነውና አንተ ለይልኝ» ይላል። ኮምፒዩተሩ ከሁለቱም ወገን የተረጋገጠውን ቀለም ወስዶ በመካከል ያለውን ይገምታል።

የእኛ ሰው ጠጉር በተፈጥሮው ተጠምዝዞ የቆመ ከሆነ ዳሩ ቀጥ ያሉ ክሮች ሳይሆን ጥቃቅን ቀለበቶች የሚፈጥሩት መረብ ነው፤ በየቀለበቱ መካከልም መደቡ ይታያል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጠጉሩን በጠንካራ ክብ ከብቦ ቆብ ማስመሰል ነው። ሁለተኛው ሪፋይን ኤጅን እስከ ራስ ቅሉ ድረስ አግብቶ የጠጉሩን መሐል ማሳሳት ነው፤ ይህም ሲሆን አዲሱ መደብ በጭንቅላቱ ውስጥ ይበራል። ትክክለኛው መንገድ መሐሉን በኩዊክ ሴሌክሽን ጥቅጥቅ አድርጎ ይዞ፣ ብሩሹን በውጨኛው ስስ ቀለበት ላይ ብቻ ማዞር ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት ከሆነች ሥራው ይቀላል፤ ሹሩባው ራሱ ጥርት ያለ ዳር አለውና፣ በግንባርና በማጅራት ያመለጡትን ስስ ጠጉሮች ብቻ በብሩሹ መንካት ይበቃል። ከዚያም የመደቡን ቀለም ከዳሩ የሚያጥበውን ዲኮንታሚኔት ከለርስ የሚሉትን መክፈት ይቻላል፤ ይህ ግን የፒክስሉን ቀለም ራሱን ስለሚለውጥ በአዲስ ሌየር ላይ እንጂ በዋናው ላይ ሊሆን አይገባም። ሥራውንም በጥቁር መደብ፣ ቀጥሎ በነጭ መደብ ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ በአንዱ ላይ የተሸሸገው እድፍ በሌላው ላይ ይገለጣል።

ስለ ፊት ቀለም ጥቂት ልናገር፤ ይህ ነገር ከሙያም ያለፈ ስለ ሆነ በብርቱ ያሳስበኛል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ በፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ስለሚጥር፣ ነጭ ልብስ የለበሰን ሰው ባየ ጊዜ ብርሃን የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ነጩ ልብስ ይተርፋል፣ ጠይሙ ፊት ግን በጥላ ይዋጣል። በዚህ ጊዜ ፊቱን በለስላሳ ብሩሽና በዝቅተኛ ኦፓሲቲ መርጦ የጠፋውን ብርሃን መመለስ ተገቢ ነው፤ ካሜራው የነሣውን መስጠት ነውና። የሰውዬውን መልክ ከተፈጥሮው አልፎ ማንጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እኔ አልቀበለውም። ወደ ማጥቆርም ያለው መንገድ ታሪክ አለው። በሰኔ ወር 1994 ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በግድያ የተከሰሰውን የጥቁር አሜሪካዊውን ስፖርተኛ የኦ ጄ ሲምሰንን በፖሊስ የተነሣ ፎቶግራፍ አጥቁሮ በሽፋኑ ላይ ሲያወጣ፣ ኒውስዊክ የተባለው ሌላው መጽሔት በዚያው ሳምንት ያንኑ ሥዕል ሳይለውጥ አወጣ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን በየመደብሩ ስለ ተሰቀሉ ሕዝቡ ልዩነቱን በዓይኑ አየ፣ ታላቅ ቁጣም ተነሣ። በአንድ ሰው ፊት ላይ ብሩሽ የሚያሳርፍ ባለሙያ፣ ዋናው ሥዕል ከጎኑ ተከፍቶ እያየው ቢሠራ ዓይኑ አይስትም።

አሁን የሚመጣብኝን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ማሽኑ ራሱ አካሉን ለይቶ በሚመርጥበት ዘመን ብሩሽ ለምን ያስፈልጋል የሚል ነው። በእርግጥም ፎቶሾፕ በ2018 አካሉን በአንድ ትእዛዝ የሚመርጥ ሴሌክት ሰብጀክትን አመጣ፤ በ2019 ደግሞ ዕቃን በአራት ማዕዘን ከብበውት የሚመርጥ መሣሪያ ተጨመረ፤ ሜታ የተባለው ኩባንያ በ2023 ያወጣው ሴግመንት ኤኒቲንግ የተባለው አካልን ለይቶ የሚመርጥ ማሽንም በ11 ሚሊዮን ሥዕሎችና ከ1 ቢሊዮን በሚበልጡ ማስኮች የተማረ ነው። እነዚህን አልንቅም፤ እኔም ሥራዬን በእነርሱ እጀምራለሁ፣ ተማሪዎቼም እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ድሮ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን የመጀመሪያ ቆረጣ በቅጽበት ይጨርሱታልና። ነገር ግን ስሱ ነጠላ ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ፣ ትከሻው ምን ያህል እንደ ለሰለሰ፣ የግንባሩ ጠጉር የትኛው ቀርቶ የትኛው ይጥፋ የሚለውን፣ የሥዕሉን ዓላማ የሚያውቅ ሰው ብቻ ይወስናል። በዚያው ሥዕል ላይ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ሙሽራዪቱን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ሙሽራዪቱንና ከኋላዋ ነጠላዋን የያዘችውን እኅቷን ይፈልጋል፤ ማሽኑ የትኛውን እንደ ተፈለገ ከማን ይሰማል? ፎቶሾፕን የመግዛት ዐቅም የሌላችሁም አትዘኑ፤ በነጻ የሚታደለው ጊምፕ ኩዊክ ማስክም አለው፣ አካሉን በብሩሽ ቀብተው የሚመርጡበት መሣሪያም አለው፤ የነገርኋችሁ ሁሉ ማለት ይቻላል በእርሱም ይሠራል።

ምርጫችሁን ካበቃችሁ በኋላ መደቡን ቆርጣችሁ አትጣሉ። ምርጫውን ሌየር ማስክ አድርጋችሁ አኑሩት፤ ጥቁሩ ይሸሽጋል፣ ነጩ ይገልጣል፣ የተሸሸገው ግን አልጠፋም፣ ነገ ብሩሹን ነጭ አድርጋችሁ ብትነኩት ይመለሳል። ምርጫውንም በስሙ በቻነል ውስጥ አስቀምጡት፤ ደንበኛው ከሳምንት በኋላ መጥቶ መደቡ ሰማያዊ ይሁንልኝ ያለ እንደ ሆነ ሥራው ከመጀመሪያው አይጀመርም። ከዚህ የቀረው በእጅ እንጂ በአንደበት የሚሰጥ ትምህርት ስላልሆነ፣ ነጭ ለባሽ እመቤት በነጭ ግድግዳ ፊት የቆመችበት አንድ ሥዕል በየኮምፒዩተሩ ላይ ተከፍቶላችኋል፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ አንዱ ብሩሹን ይያዝ፣ ሌላው ዳሩን ይመልከት፤ እኔም በየተራ ወደ እያንዳንዳችሁ እመጣለሁ።